የሦስት ኪሎ ልጅ፣ የሁለት ፊደል ስም

ጥ፣ ጥ፣ ጥ... ጥጥ። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና ጥ፣ ጥ...

ድምፁ የሚወጣው እስከ ጉልበት ብቻ ከፍ ካለው የብረት በር ሥር ነበር። በማለዳ በዚያ የሚያልፍ ሰው አይጥ ሣጥን እየበሳች ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ውስጥ ግን አይጥ የለም። ውስጥ ያለው፣ አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር የሰካ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ያወጣ፣ ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ስም ቀራጭ ነው። ከፊቱ ሞርሳው የነከሳት፣ ጣት የምታህል የመዳብ ቁራጭ አለች። በቀኝ እጁ ትንሽ መዶሻ፣ በግራው መቅረጫ ይዟል።

የሚጽፈው ስም ስድስት ፊደል ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ክቧ አልገጥም አለች፤ መነሻዋና መድረሻዋ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ቀሩ። መዳቧን ከሞርሳው ፈታና ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አያት። የሟች ሚስቱ ስም ነው። መዳቡ ላይ የሰፈረው ግን ከደረጃ የተንከባለለ ሰው ይመስላል።

«አንተ ሰውዬ፣» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ ሥር፣ «ጤና ነህ? ምስማር ነው የምትመታው ወይስ ዕዳ ያለበት ሰው?»

ቀራጩ መዳቧን ፈጥኖ መሳቢያው ውስጥ፣ ከመወልወያው ጨርቅ ሥር ሸጎጣት። እዚያ ከእሷ ቀድመው የገቡ እህቶቿ ይጠብቋታል።

ደቂቃ የሚሉት ሰውዬ አጎንብሶ ገባ። ሰዓት ጠጋኝ ነው። አንዲቷን ጠባብ ክፍል ተካፍለው፣ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ሃያ ሰባት ዓመት ተቀምጠዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሰዓቴ መቼ ይደርሳል ሲሉት «አንድ ደቂቃ» ይላል፤ ያቺ ደቂቃ አንዳንዴ ወር ይሞላታል።

«ድሮ እኮ መዶሻህን እየሰማሁ ሰዓት አስተካክል ነበር፣» አለ ኮቱን እየሰቀለ። «ዛሬ እንደዚያ ባደርግ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አርፍዶ ከሥራ ይባረራል።»

«ድሮ አንተም ፀጉር ነበረህ።»

«ፀጉሬን ተወው። እኔ እጅህን አነሳሁ?»

ቀራጩ መዶሻውን አስቀመጠ። ደቂቃም ከዚያ አላለፈም፤ የብረቱን በር ሽቅብ ገፍቶ ብርሃን አስገባና ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሰዓቶች አንድ በአንድ መሙላት ጀመረ።

የቀራጩን ግራ እጅ ነገር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እሱና ደቂቃ። መንቀጥቀጥ ከጀመረ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። መጀመሪያ ብርጭቆ ሲያነሳ ከማስቀመጫዋ ጋር ታንሾካሹክ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም። ቆየት ብሎ መቅረጫው ክብ መዞር አቃተው። ቀጥ ያለ መስመር እሺ ይላል። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ከያዘ ሁለት ፊደል ይወጣለታል። ሦስተኛው ላይ ትንፋሹ ያልቅና እጁ በራሱ መንገድ ይሄዳል። እንጀራው ደግሞ ይኸው ነው፤ ለአራስ ልጅ አንገት በምትሆን፣ ጥፍር በምታክል የብር ሰሌዳ ላይ ስም መቅረጽ። የሚመጡት አብዛኞቹ ሴት ልጅ የተወለደችላቸው ናቸው፤ ለወንዱ ኳስ ይገዙለታል። ይዘውት የሚመጡት ስም ግን አንዳንዱ ስም ሳይሆን ደብዳቤ ነው።

ሰውየው ታዲያ ዘዴ ፈጠረ። ከጀርባው ካርቶን ሰቀለ፤ በትልልቁ «አጫጭር የሴት ልጅ ስሞች ከነትርጉማቸው» ብሎ ጻፈበት። ከሥሩ ሩት፣ ሐና፣ ሊያ፣ ሚና እያለ ደረደረ። ትርጉሙን የሚያውቀውን እንደሚያውቀው አደረገ። የማያውቀውን ከሆዱ አወጣ። «ሊያ፣ ቀስ ብላ መጥታ ሁሉን የምትቀድም።» «ሚና፣ የገባችበትን ቤት የምታሞቅ።» አንዳንዱን ትርጉም ሲጽፍ ራሱ ደስ ብሎት ሌሊቱን ሲደጋግመው አድሯል።

የዚያን ዕለት መጀመሪያ የመጣው ዳቦ ጋጋሪው ነበር። ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የት እንደሚያደርገው ያላወቀው ደስታ አለ።

«ጋሼ፣ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ስሟስ?»

ዳቦ ጋጋሪው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «አማቴ ናት የጻፈችው።»

ቀራጩ ወረቀቱን ዘርግቶ በመቅረጫው ጫፍ ቆጠረ። ስምንት ፊደል ነው፤ ግማሹ ክብ በክብ።

«ልጅቷ ስንት ኪሎ ተወለደች?»

«ሦስት።»

«ሦስት ኪሎ።» ቀራጩ ራሱን ነቀነቀ። «የሦስት ኪሎ ልጅ ስምንት ፊደል ተሸክማ ልትውል ነው? አንተ ዱቄት የምትሸከም ሰው ነህ፤ ሸክም ምን እንደሆነ ለአንተ አይነገርም።»

ደቂቃ ወደ ሰዓቱ አቀረቀረ። ትከሻው ብቻ በሳቅ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ስሙ መጥፎ ነው እንዴ ጋሼ?»

«ስሙማ ወርቅ ነው። አማትህ የምታውቅ ሴት ናት። ግን ነገ ልጅቷ ወደ መንገድ ስትሮጥ፣ እናትየው ስምንቱን ፊደል ጠርታ እስክትጨርስ የት ትደርሳለች? አጭር ስም ማለት ፍሬን ማለት ነው።»

ዳቦ ጋጋሪው ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ይቺ ሊያ የምትለው... ትርጉሙ እውነት እንደዚህ ነው?»

«የጥንት ነው።»

«የየትኛው ጥንት?» አለ ደቂቃ ቀና ሳይል።

«አንተ ሰዓትህን ጠግን።»

ዳቦ ጋጋሪው ሊያን መረጠ። ቀራጩ ትንፋሹን ዋጠ፣ መታ፤ ተነፈሰ፣ እንደገና ዋጠ፣ መታ። ሰውየው ሰሌዳዋን በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ለአማቱ የሚነግራትን እያጉተመተመ ወጣ።

«በዚህ ከቀጠልክ፣» አለ ደቂቃ፣ «እናት በር ላይ ቆማ ሊያ ብላ ስትጣራ ሃያ ልጅ ሮጦ ይመጣል።»

ቀራጩ ሊስቅ ብሎ ተወው። ይህንን ቀልድ ከአምስት ቀን በፊት ሴት ልጁ ነግራዋለች።

ልጁ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ሆዷ ገፍቶ ወንበር እስኪጠባት ድረስ ከሕፃናቱ ጋር ነበረች። ያን ቀን እያለከለከች መጥታ፣ ደቂቃ ከነትራሱ የለቀቀላት መቀመጫ ላይ ዘጭ አለች።

«አባዬ፣ ስም ስጠራ እኮ ምላሴ ሥራ ፈታ። ስድስት ሩት፣ አምስት ሊያ፣ አራት ሐና። የትልልቆቹ ክፍል ስም ግን ተጠርቶ ሳያልቅ ደወል ይደወላል። ወላጆቹን በአንድ ጊዜ ምን ነካቸው?»

«ፋሽን ነዋ።»

«ሁሉም አንገታቸው ላይ ያንተ ሰሌዳ ነው ያለው። ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።»

«ሰው ሲያከብረኝ ምን ላድርግ ታዲያ?»

ሳቀችና ከቦርሳዋ ክብሪት ቤት የምታህል ሣጥን አወጣች። ውስጧ፣ ጥጥ ላይ የተኛችው የራሷ ሰሌዳ ነበረች። ስትወለድ እሱ የቀረጸላት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። በአንዱ ጎን ስሟ አለ። ክቦቹ ሁሉ በጤዛ የተሠሩ ይመስላሉ። ሌላው ጎን ባዶ ነው።

«ሴት ናት ብለውኛል፣» አለች። «በዚህኛው ጎን የእማዬን ስም ቅረጽላት። ልጄ ትጠራበታለች። አንድ አንገት ላይ ሦስታችንም እንሆናለን ማለት ነው።»

ቀራጩ ሰሌዳዋን ገለባብጦ አያት። ሌላ ሰሌዳ ቢሆን ቢበላሽ ይቀልጣል፣ እንደገና ይሠራል። ይቺ ግን በጀርባዋ የልጁን ስም ይዛለች። አንድ ጎን፣ አንድ ዕድል፣ ስድስት ፊደል።

አፉ ከልቡ ቀደመ። «አጭር ነገር ቢሆን አይሻልም? ሩት እንኳን...»

ልጁ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «አባዬ፣ እማዬን እኮ ነው ያልኩህ።»

«ገብቶኛል። ለሕፃን ይከብዳል ብዬ ነው።»

«ለሕፃኗ ነው የከበደው ለአንተ?» ድምጿ አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። «ካረፈች ወዲህ ስሟን አንድ ቀን ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ ልቡ ስላልቻለ ነው እል ነበር።»

ሰሌዳዋን ጠረጴዛው ላይ ተወችና ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች። ደቂቃ ሊደግፋት እጁን ቢዘረጋ በዓይኗ አመስግና አለፈችው።

እውነቱን ቢነግራት ምን ነበረበት? ይህንን ራሱን ጠይቋል። ግን እጄ አልታዘዝ ብሎኛል ማለት ለእሱ እኔ ከእንግዲህ የለሁም ከማለት አይለይም። ደግሞ የልጁን ፀባይ ያውቃል፤ በማግስቱ መጥታ መዶሻውን በፌስታል ጠቅልላ፣ እጁን ይዛ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። እዚያ የሚሠራው ነገር መስኮት ማየት ነው። ስለዚህ በየማለዳው ከደቂቃ ቀድሞ መጥቶ፣ በሩን እስከ ጉልበት ከፍቶ መዳብ ላይ መለማመድ ያዘ።

የሚስቱን ስም ረስቶት አይደለም። ስሙን ባነሳው ቁጥር የሚመጣበት ያ የመጨረሻው ክረምት ስለሆነ ነው። ደህና ሳለች ሴትየዋ ምርቃት አያልቅባትም ነበር። ልጇ ውኃ ካቀበለቻት «ኑሪልኝ የኔ ልጅ፣ ክፉ አይይሽ፣ እግርሽ የረገጠው ይለምልም» ትላለች፤ ውኃው እጇ ላይ ይሞቃል። አልጋ ላይ ስትውል ትንፋሽ አጠራትና ምርቃቱም አብሮ አጠረ። በመጨረሻ «ኑሪ» ብቻ ቀረ። ልጅቷ ትራሷን ስታቃናላት፣ ኑሪ። እግሯን ስታሽላት፣ ኑሪ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ከዳቦ ጋጋሪው ማግስት ደቂቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ በማሽን ነው የሚቀርጸው። ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፈዋል፣ ማሽኑ ይጨርሰዋል። ማንም አያውቅም።»

ቀራጩ ተቆጣ። ከሰዓት በኋላ ግን ሰሌዳዋን ደረት ኪሱ ከቶ መንገዱን ተሻገረ። መስታወቱ ላይ አፍንጫውን አስጠግቶ አየ። ማሽኑ በአንዲት ቁልፍ መያዣ ላይ «ወ»ን ሠራት። ሁለቱም ክቦቿ እንከን አልነበራቸውም። ሰውየው ማሽኑን እንኳን አያየውም፤ ሳንድዊች ይበላል።

ሳይገባ ተመለሰ።

«ምነው?» አለ ደቂቃ።

«ታውቃለች።»

ደቂቃ ማብራሪያ አልጠየቀም። ልጅቷ ፊደል የለየችው እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ፣ አባቷ የቀረጸውን በጣቷ እየዳሰሰች መሆኑን እሱም አይቷል። ዓይኗን ጨፍና «ይኼ ያንተ ነው፣ ይኼ የሌላ ሰው ነው» ትላቸው ነበር። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ሕፃኗ የተወለደችው ሐሙስ ጠዋት ነው። ስልኩ ሲጮህ ቀራጩ አሥራ ዘጠነኛዋን መዳብ ሞርሳ ውስጥ አስገብቶ ነበር።

የማዋለጃው ክፍል አራት አልጋ ነበረበት። የልጁ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። ወለሉ አሁን ስለተወለወለ ጫማው ይንጫጫል፤ የማይመለከተው ሰው ገባ እያለ የሚያሳብቅበት መሰለው። ሕፃኗ ግልጽ በሆነች የፕላስቲክ አልጋ ተኝታለች። የእጇ አንጓ ላይ የታሰረላት ወረቀት የእናቷን ስም ብቻ ይዟል፣ የራሷ ገና የላትም።

«ስንት ኪሎ ናት?» አለ።

«ሦስት።» ልጁ ደክሟታል፣ ግን ፊቷ በርቷል። ኩርፊያዋን የት እንዳደረገችው አይታወቅም። «ና ያዛት አባዬ።»

«እጄ ቀዝቃዛ ነው።» ሁለት እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

«በዚህ ሙቀት?»

«የብረት ሠራተኛ እጅ መቼ ይሞቃል።»

ልጁ ልትስቅ ስትል ዓይኗ የኮቱ ግራ ኪስ ላይ አረፈ። ኪሱ ውስጥ ወፍ ያለች ይመስል ጨርቁ ይርገበገባል። ቀራጩ ጎኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጁ ኪሱን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ተመልሳ ኪሱን አየች። እንዲህ አድርጋ የምታየው በልጅነቷ የማታውቀው ፊደል ሲያጋጥማት ነበር። ሕፃኗን ራሷ አንስታ ወደ እሱ ጠጋ አደረገቻትና፣ እጁን ሳያወጣ ግንባሯን እንዲስም አዘነበለችለት። ወተት ወተት ትሸታለች።

«ሰሌዳዋስ?» አለች ቆይታ።

«እየደረሰች ነው። አንድ ደቂቃ።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ የማን ቃል እንደሆነ ገባውና አፈረ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የመዳቦቹ ቁጥር ከሠላሳ በለጠ፣ መሳቢያው መዘጋት እምቢ እያለ በጉልበቱ ይገፋዋል። አንዳንድ ቀን አራት ፊደል ድረስ ይደርስና፣ ልቡ ደስ ማለት ሲጀምር አምስተኛው ይወድቃል። በመጨረሻ ቆረጠ። ስትመጣ ይነግራታል። ንግግሩን ለደቂቃ ሁለት ጊዜ አሰምቶታል። ደቂቃ «ረዘመ» አለው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጣች። ሕፃኗን ደረቷ ላይ በማዘያ ታቅፋ፣ ትከሻዋ ላይ የሕፃን ዕቃ የሞላ ቦርሳ አንጠልጥላ። ደቂቃ ትራሱን አራግፎ መቀመጫውን ለቀቀላት። ቀራጩ ተነስቶ ቆመ፤ ሰሌዳዋን በመዳፉ ይዟታል፣ አሁንም ባዶ ናት።

«ልጄ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ። ስሚኝ...»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም፣» አለች። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሁለት ፊደል ነው።»

«ከካርቶኑ ላይ?» አለ ደቂቃ፤ ያመለጠው ነው።

«ካርቶኑ ላይ የለም።» ወደ አባቷ ዞረች። «ኑሪ።»

ቀራጩ የሰማው የልጁን ድምፅ ብቻ አልነበረም። በሩ ላይ ቆሞ የሰማው የዚያ ክረምት ድምፅ ነው፤ ትራሱም፣ ውኃውም፣ የብርጭቆዋም ድምፅ አብሮ መጣ።

«የእናትሽ ስም ነው ብለሽ አልነበር?» አለ በመከራ።

«አሁን ቅረጽልኝ። እጠብቃለሁ።»

ደንበኛ ሁሉ ሲመጣ ትርጉሙን ይጠይቃል፤ ልማዱ ነው። ይህችን ግን አልጠየቃትም። ቁጭ አለ። የሰሌዳዋ ሌላ ጎን እንዳይጫር ሞርሳው ከንፈር ላይ ቆዳ ጣል አደረገና አጠበቃት። አጉሊ መነጽሩን ሰካ። ደቂቃ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ በግድግዳው ላይ ያሉትን ሰዓቶች፣ የሚወዛወዘውን ሁሉ በጣቱ ጫፍ እየነካ አንድ በአንድ አቆማቸው። ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ያለው በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ መጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ቀራጩ ትንፋሹን ዋጠ። ጥ፣ ጥ፣ ጥ። «ኑ»። ተነፈሰ። ሕፃኗም በእንቅልፏ ተነፈሰች። እንደገና ዋጠ። ጥ፣ ጥ፣ ጥ፣ ጥ። «ሪ»። ክብ የላቸውም ሁለቱም። መጨረሻዋ ላይ፣ እግሯ ዘንድ፣ መቅረጫው ፀጉር ታህል ሸርተት ብሏል፤ እሱ አይቶታል።

«እግሯ ትንሽ...» አለ።

ልጁ ሰሌዳዋን ተቀብላው ዓይኗን ጨፈነች። በአውራ ጣቷ ፊደሎቹን ቀስ ብላ ዳሰሰች፤ እግሯ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች፣ እዚያው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«መወልወያው ያው እዚሁ ነው አይደል?» አለችና እጇን ወደ መሳቢያው ሰደደች።

አይደለም ሊላት አፉን ከፈተ፤ መሳቢያው ግን ቀድሞት ተከፈተ። ጨርቁ ሲነሳ መዳቦቹ ታዩ። አንዱ በአንዱ ላይ የተጋደመ ሠላሳ ምናምን መዳብ፣ ሁሉም ላይ አንድ ስም። ሦስተኛው ላይ የወደቀ፣ አራተኛው ላይ የወደቀ፣ አምስተኛው ላይ ደርሶ የተሰበረ። የእናቷ ስም።

ደቂቃ የያዘውን ሰዓት ጀርባ ለመክፈት አጎነበሰ፤ ሰዓቱ ግን ቀድሞም ክፍት ነበር።

ልጁ ሰሌዳዋን በጨርቁ ወለወለቻት። በመርፌ ቁልፍ ከሕፃኗ ብርድ ልብስ ጫፍ ላይ ሰካቻት። እጇን እንደገና ወደ መሳቢያው ሰደደችና መዳቦቹን በጣቷ እየገለጠች፣ ከሁሉ የተጣመመችውን አንዷን መረጠች። በመወልወያው ጨርቅ ጠቀለለቻት፣ ከሕፃኗ ልብሶች መካከል ቦርሳው ውስጥ አስገባቻት። መሳቢያውን ገፋችው። አሁን ያለ ጉልበት ተዘጋ።

«ልጄ...» አለ ቀራጩ። ለደቂቃ ሁለት ጊዜ ያሰማው ንግግር አንድ ቃል እንኳን አልተገኘም።

ጎንበስ ብላ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግራ እጁን ሳመችው። የሕፃኗን አንገት አቃናች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ ወጣች።